ከባሕር ማዶ የሚመጣው ዓሣና የመርማሪው ደመወዝ

አንድ ሕግ በወረቀት ላይ ሲነበብ የሚያስመካ፣ በሥራ ላይ ሲፈለግ ግን የማይገኝ ሊሆን ይችላል። የዚህም ምክንያት አብዛኛውን ጊዜ የሕጉ አጻጻፍ ጕድለት ሳይሆን ሕጉን ያወጣው እጅ ቦርሳውን ሳይፈታ መቅረቱ ነው። ዛሬ በዚህ ዓምድ የምንመለከተው ጕዳይ ይህን በጣም ግልጽ አድርጎ ያሳያል፤ ይኸውም የተባበሩት የአሜሪካ መንግሥታት ከውጭ አገር የሚያስገቡትን ዓሣና ሌላ የባሕር ምግብ ጠበቅ አድርጎ ለመቆጣጠር መንግሥቱ ገንዘብ ያውጣ ወይስ አያውጣ፣ ቢያወጣስ በምን ላይ ያውለው የሚለው ክርክር ነው። ክርክሩ የሩቅ አገር ቢሆንም፣ ነገ በየመሥሪያ ቤቱ የበጀት ረቂቅ ለሚያዘጋጁት ወጣቶች አንባቢዎቻችን ባዕድ አይሆንባቸውም ብለን እናምናለን። ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ የምንጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን አስቀድመን እናስታውቃለን።

አሜሪካኖች ከባሕር ምግብ ሁሉ አብልጠው የሚበሉት ሽሪምፕ የተባለውን፣ ጣሊያኖች ጋምበሪ የሚሉትን፣ እግረ ብዙ ትንሽ የውሃ ፍጥረት ነው። ክንፍና ቅርፊት የሌለውን የውሃ ፍጥረት ለማይቀምሰው ለብዙው የአገራችን ሰው ነገሩ አያስጎመጅ ይሆናል፤ በዚያ አገር ግን ከሠርግ ገበታ እስከ ሠራተኛው ምሳ የማይገባበት ቦታ የለም። ከሚበሉትም ሽሪምፕ ከመቶው ከዘጠና የሚበልጠው እጅ ከውጭ የሚመጣ ነው። ዋነኞቹ ላኪዎች ሕንድ፣ ኢኳዶር፣ ኢንዶኔዥያና ቬትናም ናቸው። የሚላከውም አብዛኛው በመረብ ከባሕር የተያዘ ሳይሆን በባሕር ዳር በተቆፈረ ኩሬ ውስጥ የረባ ነው።

የነገሩ ሥር ያለው በዚህ ኩሬ ውስጥ ነው። በአንድ ኩሬ ውስጥ እጅግ ብዙ ነፍስ ተጨናንቆ ይኖራል፤ በተጨናነቀበትም ስፍራ በሽታ ሲገባ እሳት በገለባ ላይ እንደ መውደቁ ይቆጠራል። ገበሬው ለመኖው ተበድሯል፤ ለጫጩቱ ተበድሯል፤ ኩሬው በጥቂት ቀን ውስጥ ሊያልቅበት እንደሚችልም ያውቃል። ስለዚህ ከአካባቢው ነጋዴ አንቲባዮቲክ ገዝቶ ውሃው ውስጥ ይበትናል፤ ወይም ከመኖው ጋር ቀላቅሎ ያበላል። እኛ ይህን ገበሬ እንደ ወንጀለኛ ልንቈጥረው አንፈልግም። በእርሱ ቦታ ሆኖ ልጆቹን ሊያበላ የሚያስብ ሰው ሁሉ የሚያደርገውን አድርጓል። ዳሩ ግን የበተነው መድኃኒት ከውሃው ጋር ፈስሶ አይቀርም፤ ጥቂቱ በሥጋው ውስጥ ይቀራል፤ በረዶ ሆኖ፣ በካርቶን ታሽጎ፣ ውቅያኖስ አቋርጦ ከማያውቀው ሰው ማዕድ ይደርሳል።

ከእነዚህ መድኃኒቶች አንዱ የታይፎይድ ፈዋሽ በመሆኑ በአገራችን ብዙ ሰው ስሙን የሚያውቀው ክሎራምፌኒኮል ነው። ይህ መድኃኒት በሐኪም ትእዛዝ ሲወሰድ ብዙ ነፍስ አድኗል። ነገር ግን በጥቂት ሰዎች ላይ ደም የሚሠራውን መቅኔ ሥራውን ያስቆመዋል፤ ለዚህም አደጋ ይህን ያህል ቢወሰድ አይጎዳም ተብሎ የተቈረጠ መጠን የለም። ስለዚህ አሜሪካም አውሮፓም ለምግብ በሚውል እንስሳ ላይ እንዳይደርስ ከልክለውታል። ናይትሮፉራን የሚባሉት መድኃኒቶችና ማላካይት ግሪን የሚባለው የሻጋታ ማጥፊያ ቀለም ደግሞ ካንሰር ያመጣሉ ተብለው ስለሚፈሩ የተከለከሉ ናቸው። በዚህ ላይ አንቲባዮቲክ በየኩሬው በተበተነ ቍጥር ተሕዋስያኑ መድኃኒቱን እየለመዱ ይሄዳሉ፤ ኋላም ለሰው ሕመም በተፈለገ ጊዜ መድኃኒቱ ውሃ ሆኖ ይገኛል።

የቁጥጥሩም ችግር የሚጀምረው ከዚህ ነው። የበሰበሰ ዓሣ በሽታው ይታወቃል፤ ዓይኑ ይፈዛል፤ መርማሪው አፍንጫውን ይዞ ይመልሰዋል። ክሎራምፌኒኮል ያለበት ሽሪምፕ ግን ነጭና ትኩስ፣ ለዓይንም የሚያምር ነው። ነገሩን የሚያወጣው ላቦራቶሪ ብቻ ነው፤ እርሱም ከአንድ ቢሊዮን ክፍል ውስጥ ከአንድ ክፍል ያነሰውን ሳይቀር ለይቶ የሚያገኝ ላቦራቶሪ ነው። ላቦራቶሪ ደግሞ መሣሪያ ይፈልጋል፤ መሣሪያው ኬሚስት ይፈልጋል፤ ኬሚስቱም ደመወዝ ይፈልጋል። አባቶቻችን «ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል» ያሉት ነገር ፍለጋ የሚሄደውን ሰው ለማስጠንቀቅ ነበር፤ በዚህ ጕዳይ ግን ዘንዶው እንዲወጣ ከተፈለገ ጎርጓሪውን ገንዘብ ከፍሎ መቅጠር ግዴታ ነው።

አሜሪካስ ምን ያህል ትጎረጕራለች? ለኮንግሬሱ የመንግሥቱን ሥራና ሒሳብ የሚመረምረው መሥሪያ ቤት በ2017 ባወጣው መግለጫ እንደ ተመለከተው፣ በ2015 የበጀት ዓመት የምግብና የመድኃኒት አስተዳደሩ በመርማሪ ዓይን ያየው ከውጭ ከገባው የባሕር ምግብ ጭነት ውስጥ ከመቶው ሁለት ያህሉን ነው። የመድኃኒት ቅሪት እንዳለበት በላቦራቶሪ የፈተነው ደግሞ ከሺህ አንድ ያህሉን ብቻ ነው። የቀረው በምን ታምኖ ይገባል? በወረቀት ነው። ከ1997 መጨረሻ ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው ደንብ እያንዳንዱ የባሕር ምግብ አዘጋጅ አደጋ የሚመጣበትን ቦታ ሁሉ አስቀድሞ አውቆ እንዲጽፍ፣ መከላከያውንም በየቀኑ እንዲመዘግብ ያስገድደዋል፤ አስመጪውም ጭነቱ በዚህ ደንብ የተዘጋጀ መሆኑን ማስረዳት አለበት። ወረቀት ማየት ከንቱ ነው አንልም። ቱና የተባለው ዓሣ ከተያዘ በኋላ ሳይቀዘቅዝ ቢቈይ ሂስታሚን የሚባል መርዝ ይፈጠርበታል፤ ይህም በእሳት ቢበስል የማይጠፋ ስለ ሆነ የመርከቡን የበረዶ መዝገብ ማየት ትልቅ ጥቅም አለው። ነገር ግን መድኃኒት በድብቅ የሚበትን ሰው የበተነበትን ሰዓት በመዝገብ ይጽፋል ብሎ የሚጠብቅ የዋህ ነው።

እስካሁን የታየውም ታሪክ ይህንኑ ያረጋግጣል። በ2001 መጨረሻና በ2002 መጀመሪያ አውሮፓውያን ከቻይና በመጣ ሽሪምፕ ውስጥ ክሎራምፌኒኮል አገኙ፤ በጥር 2002 ከቻይና በሚመጣ የእንስሳት ውጤት ላይ በራቸውን ዘጉ። አሜሪካም በዚያው ዓመት የምርመራ ዘዴዋን አሻሻለች። በሰኔ 2007 ደግሞ ሽሪምፕን ጨምሮ አምስት ዓይነት በኩሬ የረቡ የቻይና የባሕርና የወንዝ ምግቦች ንጹሕ መሆናቸው በላቦራቶሪ ካልተመሰከረላቸው በቀር እንዳይገቡ ከለከለች። ይህ ዓይነቱ ክልከላ ብልኅነት ያለበት ነው፤ የማስረዳቱን ሸክም ከመንግሥቱ ትከሻ አንሥቶ በአስመጪው ላይ ያደርገዋል። ነገር ግን ክልከላው የሚመጣው ጥፋቱ ከተገኘ በኋላ ነው፤ ጥፋቱም የሚገኘው ከሺህ አንዱ ሲፈተን ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይህ ነው።

በ2025 የደረሰው ነገር ግን የተለየ ስለ ሆነ ጥቂት እናቆይበታለን። ከኢንዶኔዥያ የመጡ ኮንቴይነሮች በሎስ አንጀለስ፣ በሂውስተን፣ በሳቫናና በማያሚ ወደቦች ሲያልፉ የጕምሩኩ መሣሪያ ጨረር ያለበት ነገር መኖሩን አስታወቀ። በተከታዩ ምርመራም በአንድ የሽሪምፕ ናሙና ውስጥ ሲዚየም 137 የተባለው ጨረር ሰጪ ንጥረ ነገር ተገኘ፤ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደሩም በነሐሴ ወር ለሕዝቡ ማስጠንቀቂያ አወጣ። የተገኘው መጠን በኪሎ 68 ቤክሬል ያህል ሲሆን፣ ምግቡን ለማገድ መነሻ ከተቈረጠው ከ1200 ቤክሬል በጣም ያነሰ ነበር። ጭነቱ እንዳይገባ ተከለከለ፤ የዚያው ኩባንያ ሌላ ሽሪምፕም ከየመደብሩ እየተለቀመ ወጣ። የኢንዶኔዥያ መንግሥት ባደረገው ምርመራ የነገሩ ምንጭ ቺካንዴ በተባለው የኢንዱስትሪ ቀበሌ የሚገኝ ብረት የሚያቀልጥ ፋብሪካ እንደ ሆነ ተገለጠ። ከጥቅምት 31 ቀን 2025 ጀምሮም ከጃቫ ደሴትና ከላምፑንግ ክፍለ ሀገር የሚላክ ሽሪምፕና ቅመም ሁሉ የምስክር ወረቀት እንዲኖረው ታዘዘ።

አሁን አንባቢዎቻችን አንድ ነገር እንዲያስተውሉልን እንፈልጋለን። ይህን ነገር ያገኘው ለዓሣ ምርመራ የተመደበ ገንዘብ አይደለም። መሣሪያዎቹ በየወደቡ የተተከሉት ከመስከረም 2001 ሽብር በኋላ የኑክሌር መሣሪያ በድብቅ እንዳይገባ ለመጠበቅ ነው። መንግሥቱ በዚያ ጊዜ ስለ ፈራ ብዙ ገንዘብ አወጣ፤ ስለዚህ ወደብ የሚገባው ኮንቴይነር ሁሉ ማለት ይቻላል በመሣሪያው በር ያልፋል። ያ በር ከሺህ አንዱን መርጦ የሚያይ ቢሆን ኖሮ ያ ሽሪምፕ ሳይታወቅ በተበላ ነበር። እንግዲህ ጨረር ያለበት ሽሪምፕ በአንድ ወደብ ሳይሆን በአራት ወደብ ሲያዝ፣ በዚያው መርከብ የሚመጣው መድኃኒት ያለበት ሽሪምፕ ከአጠገቡ በሰላም ያልፋል። ልዩነቱ በአደጋው ክብደት አይደለም፤ ለአንዱ ገንዘብ ወጥቶለታል፣ ለሌላው አልወጣለትም። መድኃኒትን እንደ ጨረር ከኮንቴይነር ውጪ ሆኖ የሚያሸት መሣሪያ እንደሌለ እናውቃለን፤ ናሙናው መቈረጥ፣ መፈጨትና መፈተን አለበት። ይህም ጊዜ ይወስዳል። ሥራው ከባድ መሆኑ ግን ከሺህ አንድ ላይ ለመቆም ምክንያት አይሆንም።

ገንዘብ ያልተከተለው ሕግ ምን እንደሚመስል ለማየት ደግሞ በጥር 2011 ወደ ተፈረመው ወደ አሜሪካ የምግብ ደኅንነት ማሻሻያ ሕግ እንመለስ። ሕጉ የሚናገረው ስለ ባሕር ምግብ ብቻ ሳይሆን ስለ ምግብ ሁሉ ነው። በአንደኛው ዓመት በውጭ አገር ያሉ 600 የምግብ ፋብሪካዎች ይመርመሩ፤ ከዚያም አምስት ዓመት በተከታታይ ቍጥሩ በየዓመቱ እጥፍ ይሁን ይላል። ሒሳብ የተማረ ተማሪ እንደሚያገኘው በስድስተኛው ዓመት ላይ 19200 ይደርሳል። የኮንግሬሱ የበጀት መሥሪያ ቤት ሕጉን በሥራ ላይ ለማዋል በአምስት ዓመት ውስጥ 1.4 ቢሊዮን ዶላር ያስፈልጋል ብሎ ገምቶ ነበር። ኮንግሬሱ ግን ሕጉን በሙሉ አጽድቆ ገንዘቡን አጕድሎ ሰጠ። ውጤቱ ምን ሆነ? ያው መርማሪ መሥሪያ ቤት በጥር 2025 እንዳስታወቀው፣ ከ2018 እስከ 2023 ባሉት የበጀት ዓመቶች በውጭ አገር የተመረመሩት ፋብሪካዎች በአማካይ በዓመት 917 ናቸው። ይህም ከታዘዘው ከመቶው አምስት እንኳ አይሞላም። ለአገር ውስጡም ለውጭ አገሩም የምግብ ፋብሪካ በሐምሌ 2024 የነበሩት መርማሪዎች በጠቅላላው 432 ነበሩ።

በነገራችን ላይ የአስተዳደሩ ባለሥልጣኖች ራሳቸው ገንዘቡ ቢሰጣቸው እንኳ ያን ያህል ብዙ ፋብሪካ መመርመር የሚጠቅም መሆኑን ተጠራጥረዋል። ይህ ሐሳባቸው የሚናቅ አይደለም። ቍጥሩ የወጣው አዳራሽ ውስጥ በማባዛት እንጂ የትኛው ፋብሪካ አደገኛ እንደ ሆነ በማጥናት አልነበረም። ነገር ግን 19200ው አይጠቅምም ማለት 917ቱ ይበቃል ማለት አይደለም። በመጋቢት 2025 ደግሞ ከአስተዳደሩ ሠራተኞች 3500 ያህል እንደሚቀነሱ በተነገረ ጊዜ መርማሪዎች አይነኩም ተብሎ ነበር። መርማሪ ግን ብቻውን አይሠራም፤ የጕዞ ቲኬቱን የሚያዘጋጅለት፣ ናሙናውን የሚቀበለው፣ ውጤቱን አይቶ ጭነቱን የሚያግድለት ሰው ከሌለው በጠረጴዛው ላይ ደረቱን አጣጥፎ መቀመጡ አይቀርም። የቢሮ ሥራ የጀመሩ አንባቢዎቻችን ይህን ለማመን ማስረጃ አያሻቸውም።

አውሮፓውያን ሌላ መንገድ ይዘዋል። በመጀመሪያ ላኪው አገር ከተፈቀደላቸው አገሮች መዝገብ ላይ መገኘት አለበት፤ ፋብሪካውም እንዲሁ። ጭነቱ የአገሩን መንግሥት የጤና ምስክር ወረቀት ይዞ በተወሰኑ የድንበር መመርመሪያዎች በኩል ብቻ ይገባል። ጥርጣሬ በተነሣበት ዕቃ ላይ የናሙናው ቍጥር ከፍ ይላል፤ ለምሳሌ ያህል ከሕንድ ኩሬዎች የሚመጣው ሽሪምፕ ከ2016 ጀምሮ ከጭነቱ ግማሹ እንዲፈተን ታዘዘ። አሜሪካ ከሺህ አንድ ያህል በምትፈትንበት ዘመን አውሮፓ ከዚያው ከሕንድ የሚመጣውን ከሁለት አንዱን ፈተነች ማለት ነው። የምርመራውንም ወጪ ግብር ከፋዩ ብቻውን አይሸከመውም፤ በድንበር መመርመሪያው ለሚደረገው ሥራ አስመጪው ክፍያ እንዲከፍል ሕጉ ያስገድዳል። እኛ ከሁሉ አብልጠን የወደድነው ይህንኑ ነው። በዕቃው የሚያተርፈው ሰው ዕቃው ንጹሕ መሆኑን ለማረጋገጥ ጥቂት ቢከፍል ፍርድ አይጓደልበትም፤ ምርመራውም በየዓመቱ በበጀት ክርክር ሲንገላታ አይኖርም።

ዳሩ ግን የበረኛው መጠንከር ብቻውን መልካም ነው እንዳንል የሚያደርገን የአፍሪካ ታሪክ አለ። በእኛ በዐባያና በጫሞ ሐይቆችም የሚገኘው ናይል ፐርች የተባለው ትልቅ ዓሣ በቪክቶሪያ ሐይቅ ውስጥ በብዛት ስለ ረባ፣ ኬንያ፣ ኡጋንዳና ታንዛኒያ ወደ አውሮፓ እየላኩ ብዙ ገንዘብ ያገኙበት ነበር። በ1997 ሳልሞኔላ ተገኘ ተብሎ ተከለከለባቸው። ከዚያም ኮሌራ ስለ ገባ እንደ ገና ተከለከለ፤ በዚህ ጊዜ የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት ክልከላው ተገቢ መንገድ አይደለም ብሎ ተከራከረ። በ1999 ደግሞ አንዳንድ ሰዎች በሐይቁ ውስጥ መርዝ እየጨመሩ ዓሣ ይይዛሉ የሚል ወሬ ስለ ተሰማ በሩ ሦስተኛ ጊዜ ተዘጋ። ፋብሪካዎች ቆሙ፤ ሠራተኛው ወደ ቤቱ ተመለሰ፤ ዓሣ አጥማጁ የያዘውን በረከሰ ዋጋ ሸጠ። ዓሣው መርዝ የለበትም ብሎ ለመማልማ ሁሉም ይምል ነበር፤ ነገር ግን መሐላውን አውሮፓ የሚቀበለው የላቦራቶሪ ማስረጃ ሲደገፍበት ነው፤ ያ ደግሞ በበቂ አልነበረም። ኡጋንዳ የቁጥጥሩን ሥራ በአንድ መሥሪያ ቤት እጅ አድርጋ መርማሪዎቿን አደራጀች፤ በሩም በዚያው ዓመት ተከፈተላት። ታንዛኒያ ተከተለች፤ ኬንያ እስከ 2000 መጨረሻ ገደማ ቈየች።

ከዚህ የምንረዳው ላቦራቶሪ የሚጠብቀው በይውን ብቻ አለመሆኑን ነው። ማስረጃ በሌለበት ቦታ ጥርጣሬ ይፈርዳል፤ ጥርጣሬ ደግሞ ሁልጊዜ የሚፈርደው በድኻው ላይ ነው። ስለዚህ አሜሪካ ለምርመራ ከምታወጣው ገንዘብ ከፊሉ በሕንድና በኢንዶኔዥያ ላሉት የመንግሥት ላቦራቶሪዎች ማሠልጠኛ ቢውል እንደ ምጽዋት ሊቈጠር አይገባውም። በኩሬው ዳር የተገኘ መድኃኒት በሂውስተን ወደብ ከሚገኘው ይልቅ ርካሽ ነው፤ ገበሬውም ጭነቱ ውቅያኖስ አቋርጦ ከመመለሱ በፊት ያውቀዋል።

በዚህ ነገር ላይ የሚነሣው ዋና ተቃውሞ የታወቀ ነው። ምርመራ ይጥበቅ ብለው አጥብቀው የሚጮኹት በሉዊዚያናና በቴክሳስ ባሕር ዳር ያሉት ሽሪምፕ አጥማጆች ናቸው፤ እነርሱም በርካሹ የውጭ ዕቃ ምክንያት ገበያቸው የወደቀባቸው ስለ ሆኑ፣ ጥያቄያቸው የጤና ካባ የለበሰ የገበያ ጥያቄ ነው ይባላል። እውነት አለበት። ነገር ግን አንድ ሰው የሚጠቀምበት እውነት ስለ ሆነ ብቻ እውነትነቱ አይቀርም። ሁለቱን መለየት የሚቻለው ሁሉንም በአንድ መለኪያ በመፈተን ነው፤ የዓለም የንግድ ድርጅት ስምምነትም የጤና ደንብ በሳይንስ ማስረጃ ላይ እንዲመሠረት ያዝዛል። በነሐሴ 2025 አሜሪካ በሕንድ ዕቃ ላይ ከመቶው ሃምሳ ቀረጥ በጣለች ጊዜ አንዳንዶች የሽሪምፑ ነገር ተፈታ ብለው ተደስተው ይሆናል። ቀረጥ ግን ዋጋውን ያስወድደዋል እንጂ መድኃኒቱን ከሥጋው አያወጣውም። ከ2018 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው የባሕር ምግብ ማስገቢያ የክትትል ፕሮግራምም ቢሆን ዓሣው ከየትና በማን እንደ ተያዘ የሚከታተል እንጂ ክሎራምፌኒኮልን የሚፈልግ አይደለም፤ ስሙን ብቻ ሰምተው ሁሉ ተጠብቋል የሚሉ ሰዎች ይህን ቢለዩት ይሻላል።

አንድ ነገር ቀርቶናል። የአሜሪካ ሕግ የታገደው ጭነት በ90 ቀን ውስጥ እንዲጠፋ ወይም ከአገር እንዲወጣ ያዝዛል። ማጥፋት ገንዘብ ያስወጣል፤ መልሶ መላክ ግን ሌላ ገዢ ሊያስገኝ ይችላል። ነጋዴው የትኛውን እንደሚመርጥ ለመገመት የንግድ ትምህርት ቤት መግባት አያስፈልግም። ያ የታገደ ካርቶን በአሜሪካ ወደብ ሁለተኛ ዕድሉን ካልሞከረ ላቦራቶሪ የሌለው ወደብ ይፈልጋል። ስለዚህ ኮንግሬሱ ገንዘብ ሲመድብ ለማጥፊያውም ጭምር ቢያስብ፣ ወጪውንም በአስመጪው ላይ ቢያደርግ፣ በሩቅ ላለነው ሰዎችም ውለታ ነው። ቱናችንና ሳርዲናችን በቆርቆሮ ታሽጎ በጅቡቲ በኩል ለሚመጣልን ለእኛ ይህ ነጥብ ከሌላው ሁሉ ይልቅ ይቀርበናል። አውሮፓውያን ያገዱትን ምግብ ከነምክንያቱ እየመዘገቡ ለሕዝብ በሚያወጡት መዝገብ ውስጥ የዕቃው ዓይነትና የመጣበት አገር ይገኛል፤ መዝገቡም ለማንም ክፍት ነው። የእኛም መርማሪ ጧት ጧት ከፍቶ ሊያነበው ይችላል፤ ለዚህ እንኳ በጀት መጠበቅ አያሻውም።